የአባዬ ግቢና የእማዬ ወገብ

ዛሬ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የኛ ቤት ጉዳይ ነው፤ ግን እናት አባቱ አዲስ አበባ ውስጥ ጡረታ የወጡበት ልጅ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይገጥመዋል ብዬ ነው የምጽፈው። ወላጆች ሲያረጁ የት ይኑሩ? ግቢ ያለው ቤት ውስጥ ወይስ ኮንዶሚኒየም?

አባዬ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ኮልፌ ያለውን ቤት በ1981 ዓ.ም በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ ባገኘው መሬት ላይ ነው የሠራው። የጭቃ ቤት ነው፤ ከኋላው ሁለት ሰርቪስ አለው፣ ሁለቱም ተከራይተዋል። እውነቱን ለመናገር እነሱን የሚያኖራቸው የሰርቪሶቹ ኪራይ ነው። ጡረታውማ መድኃኒትና መብራት ከፍሎ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።

ዱባይ ያለችው እህቴ ባለፈው ደውላ "ሽጡትና ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ግዙ፣ የተረፈውን ባንክ አስቀምጡ" አለች። አባዬ ሁለት ቀን ስልኳን አላነሳም። የዕድሩ ጸሐፊ ነው፤ "ሄጄ እዚያ ብሞት ማን ይቀብረኛል?" ነው የሚለው። እማዬ ከማድቤት ሆና "መጀመሪያ እንዴት እንደምንኖር እንነጋገር፣ መቀበሩ ይደርሳል" አለችው።

ሁላችንም እማዬ ከአባዬ ጋ ትቆማለች ብለን ነበር የጠበቅነው። በርበሬ የምታሰጣበት፣ ጎመን የምትቀነጥስበት፣ ጎረቤት ሰብስባ ቡና የምታፈላበት ግቢ ነዋ! እሷ ግን እንዲህ አለች፦ "ግቢ ግቢ ትላላችሁ፣ የሚጠረገው በኔ ወገብ ነው። ቧንቧው በር ላይ፣ ሽንት ቤቱ ጓሮ። ክረምት ሌሊት ስወጣ ጭቃው አንሸራትቶ ቢጥለኝ እስኪነጋ ማን ያየኛል?" መልስ የሰጣት የለም። (ስለ ግቢ ናፍቆት እዚህ የምንጽፈው አብዛኞቻችን ወንዶች መሆናችንን ልብ ብላችኋል?)

ቅዳሜ ይዣት ጀሞ ሄድኩ። ደላላው ያሳየን ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እንደምታውቁት የ20/80 ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ እማዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አጠገቧ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ እዚያ የምትኖር ሴት ውኃው ግፊት ስለሚያንሰው ላይ ድረስ እንደማይወጣ፣ ከታች እየቀዱ እንደሚሸከሙ ነገረችን። ቤቱ ውስጥ ስንገባ ግን የእማዬ ፊት በራ። ሽንት ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ሦስት እርምጃ ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። የሽንት ቤቱን በር ሁለቴ ከፍታ ዘጋችው። የ40/60ዎቹ ረጃጅም ሕንፃዎች ሊፍት አላቸው፣ መብራት ሲጠፋ ግን እነዚያም ያው ደረጃ ናቸው። ስለዚህ ለሽማግሌ የሚሆን ኮንዶሚኒየም ማለት ግራውንድ ነው፣ ቢበዛ አንደኛ ፎቅ። የመንገድ ዳር ብሎኮች ላይ ደግሞ ግራውንዱ ብዙ ጊዜ ሱቅ ነው።

ሌላም አለ። የ20/80 ቤት ባለዕድሉ አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይችልም። ስለዚህ ገበያው ላይ "በውክልና ነው፣ ችግር የለውም" የሚባል ቤት ሞልቷል። ካርታው በሻጩ ስም ሆኖ፣ ውክልናው ነገ ቢሻርስ? የዕድሜ ልክ ጥሪትን በዚህ ላይ ማስቀመጥ እኔ አይዋጥልኝም። ደግሞ ኮልፌን ለመሸጥም የአባዬ ፊርማ ብቻ አይበቃም፤ በቤተሰብ ሕጉ መሠረት በትዳር የተፈራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። እማዬ ይህን ስነግራት ፈገግ አለች፣ አባዬ አላለም።

እኔ "ኮልፌን አከራይተን፣ እናንተ ግራውንድ ተከራይታችሁ ሞክሩት" አልኩ። ችግሩ በ2016 ዓ.ም የወጣው የኪራይ ሕግ የመኖሪያ ቤት ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። አባዬ ይህን ሲሰማ "በኔ ዕድሜ ሁለት ዓመት ሙከራ አይባልም" አለ። እዚህ ላይ ልክ ነው። በሰርቪሶቹ ኪራይም ልክ ነው፤ ባንክ የተቀመጠ ብር ኑሮ በተወደደ ቁጥር ያልቃል፣ ሰርቪስ ግን አያልቅም። በሽንት ቤቱ ግን እማዬ ልክ ናት፣ እዚያ ላይ ድርድር የለኝም። አሁን ልትወድቅ የምትችለው እሷ ናት።

ስለዚህ ከብዙ ኩርፊያ በኋላ እዚህ ደርሰናል። ቤቱ አይሸጥም። ግን ከሰኔ በፊት ሽንት ቤትና ሻወር ከመኝታ ቤቱ ጋ ተያይዞ ይሠራል፣ ቧንቧው ማድቤት ይገባል፣ ግቢውን ሳምንት ሳምንት የሚጠርግ ሰው ይቀጠራል። ብሩን እህቴ ትልካለች፣ እኔም ከደሞዜ አዋጣለሁ። አባዬ "እናስተካክለዋለን" ሲል እማዬ "ሠላሳ ዓመት እንደዚሁ እያልክ ነው" ብላ ቀኑን ራሷ ቆረጠች። ሰኔ 1 ካላለቀ እሷ ልብሷን ይዛ ግራውንድ ትከራያለች፤ አባዬ ከፈለገ ይከተላት። እየቀለደች አይደለም፣ ሻንጣውን አውርዳዋለች።

ስለዚህ ኮልፌ አካባቢ ሥራ ጀምሮ የማይጠፋ ግንበኛና ቧንቧ ሠራተኛ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጀሞ ወይም ለቡ የሚከራይ ግራውንድ ያላችሁም ጻፉልኝ፣ አባዬ እንዳይሰማ ብቻ። ደላላ አይደውል።