ለጓዝም ታሪፍ ይለጠፍለት

ወረታ መናኸሪያ ባዶ እጁን የሚሳፈር ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንዱ የሩዝ ማዳበሪያ አስጎትቶ ይመጣል፣ ሌላዋ የሽሮና የበርበሬ ቋጠሮ ይዛለች፣ በዓል ሲቃረብ ደግሞ እግሯ የታሰረ ዶሮና ሙክት በግ ይጨመራል። ስለ ትራንስፖርት ስናወራ ግን ሁሌም የምናነሳው ወንበሩን ነው፤ ታሪፉ ስንት ገባ፣ ትርፍ ጫኑ ወይስ አልጫኑም፣ ወረፋው እንዴት ነው። ጓዙን የሚያነሳው የለም። ዛሬ እኔ ላንሳው።

ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት። ወደ ደቡብ በሐሙሲት በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ዳር ይገባል፤ ወደ ሰሜን በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር። ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው፣ በ1970ዎቹ ቻይናውያን የሠሩት መንገድ ደግሞ ደብረ ታቦርንና ነፋስ መውጫን እያቋረጠ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ወልድያ ያደርሳል። ሦስቱም አቅጣጫ ወረታ ያለችበትን የፎገራ ሜዳ ምርት ይጠብቃል።

የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት እየሞሉ የሚተኙበት ይህ ሜዳ ድሮ የሚታወቀው በከብቱ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ ማኅበራት ሩዝ ካስጀመሩ ወዲህ መልኩ ተለወጠ። ዛሬ ክረምቱን ሩዝ፣ በጋውን በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። ሩዙ ከጤፍ ጋር እየተቀላቀለ እንጀራ ስለሚሆን፣ ደብረ ታቦር ለሚማር ልጅ ወይም ባሕር ዳር ቤት ተከራይታ ለምትኖር እህት የሚላከው ግማሽ ኩንታል የወር ቀለብ ነው። ያ ማዳበሪያ ቢጠፋ ወይም ዝናብ ቢገባበት አንድ ቤት ይጎድላል።

እስቲ አንድ ቅጥቅጥ ሲጫን ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ረዳቱ በኋላ መሰላል ይወጣል፤ ሸክም ያነሱት ልጆች ከታች ያቀብሉታል። ሩቅ ወራጅ ዕቃው ከሥር፣ ቅርብ ወራጅ ከላይና ወደ መሰላሉ ጠጋ ብሎ ይደረደራል። እህሉ ይነጠፋል፣ ሻንጣው በላዩ፣ የቲማቲሙ ሳጥን እንዳይጨፈለቅ ከሁሉም በላይ። ከዚያ ሸራው ይለብሳል፣ ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ተመሳቅሎ ይወጠራል። ይኼ ሙያ ነው። ማንም ሳይጽፍለት አርባ ሰው የት እንደሚወርድና የማን ዕቃ የትኛው እንደሆነ በቃሉ የሚይዝ ወጣት ክብር ይገባዋል።

ባለቤቱ ሳይሳፈር ብቻውን የሚሄደው ጓዝ ደግሞ ከሁሉም ያስደንቀኛል። እናትየዋ የማዳበሪያውን አፍ በወስፌ ትሰፋለች፣ ስምና ስልክ በማርከር ታስጽፋለች፣ «ልጄ፣ አደራህን፣ ልጅቷ መናኸሪያው በር ላይ ትጠብቅሃለች» ትላለች። «ችግር የለም እማማ፣ ደወል አድርገው የታርጋውን ቁጥር ይንገሯት» ይላታል ረዳቱ። ደረሰኝ የለም፣ ውል የለም። ያም ሆኖ አብዛኛው በሰላም ይደርሳል። መንገድ በሚዘጋበትና በየኬላው ወርዶ መፈተሽ በበዛበት በዚህ ጊዜ እንኳ ይኼ አደራ አለመቋረጡ ትልቅ ነገር ነው።

አደራው ግን ብቻውን መሸከም የማይችለው ነገር አለ፤ እሱም ዋጋው ነው። የሰው ታሪፍ ተለጥፎ አያለሁ፤ የጓዝ ታሪፍ ተለጥፎ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ክርክሩ የሚጀመረው ዕቃው ፖርቶመጋላ ላይ ከወጣና ገመዱ ከታሰረ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ተሳፋሪው ምን አቅም አለው? «አውርዱልኝ» ቢል መኪናው ጥሎት ይሄዳል። መከራከር የሚችል ወጣት በትንሽ ያልፋል፤ ከገጠር ቀበሌ በጋሪ የመጣች፣ ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ እናት ግን የተባለችውን ትከፍላለች። አንድ ዓይነት ማዳበሪያ፣ አንድ ዓይነት መንገድ፣ ሁለት ዋጋ። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። አቅም ያነሰው ሰው ብዙ የሚከፍልበት አሠራር ልማድ ስለሆነ ብቻ ልክ አይሆንም።

የሾፌርና የረዳት ወገን የሚለውም እውነት አለው። ጭነት ጎማ ይበላል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ የመጫን ጉልበትም ዋጋ አለው። እኔም በነፃ ይጫን አላልኩም። የምለው ዋጋው ከመጫኑ በፊት ይታወቅ ነው። በአውሮፕላን ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሻንጣው በአብዛኛው 23 ኪሎ ድረስ እንደሚፈቀድለት ቤቱ ሆኖ ያውቃል፤ ዕቃውም ቁጥር ይለጠፍበታል። ወረታ ላይ ይኼን ያህል ማሽን አያስፈልግም። ገበያችን ድሮም በኩንታል ይሠራል፤ የእጅ ዕቃ ነፃ፣ ግማሽ ኩንታል ይኼን ያህል፣ ኩንታል ይኼን ያህል፣ ሳጥን ይኼን ያህል ብሎ ከሰው ታሪፍ ጎን መለጠፍ ይበቃል። ቁጥር የተጻፈባት ሁለት ቁራጭ ካርቶን፣ አንዷ ማዳበሪያው ላይ አንዷ በባለቤቱ እጅ ብትሆን፣ የጠፋ ዕቃ ጠያቂ ያገኛል፤ ረዳቱም ያለጥፋቱ ሌባ ከመባል ይድናል።

እስከዚያው ግን እኛ ማድረግ የምንችለው አለ። ዕቃችን ከመውጣቱ በፊት ዋጋውን ጮክ ብለን እንጠይቅ፣ ከጎናችን ላለችው እናትም አብረን እንጠይቅላት። አርባ ሰው የሰማውን ዋጋ በኋላ ማንም አይለውጠውም። የመናኸሪያ ኃላፊዎችና የተራ አስከባሪ ማኅበራትም ይኼን ካነበባችሁ፣ የምንጠይቃችሁ አንድ ሰሌዳ ነው።