የማይታየውን ጨረር በምን እንጋርደው?

ጋሻ የሚመረጠው እንደሚመጣው ጦር ነው። ዱላን የሚመክት ጋሻ ጥይትን አይመክትም። ይህ የአባቶቻችን ጥበብ በዘመናዊው የፋብሪካ ሥራም እውነት ሆኖ ይገኛል።

የቧንቧና የነዳጅ ጋን ብየዳ በውስጡ ስንጥቅ እንዳለበት ለማወቅ፣ ባለሙያዎች ብረቱን ሳይቆርጡ በጨረር ፎቶግራፍ ያነሡታል። ለዚህም ብዙ ጊዜ ኢሪድየም 192 በተባለው ንጥረ ነገር ይጠቀማሉ። ከእርሱ የሚወጣው ጋማ ጨረር ብረትን ዘልቆ የሚያልፍ ነውና የሰውን ሥጋ ማለፍ አያቅተውም፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሲነካም አይሰማም።

ይህን እንድመረምር ያደረገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሙጃ ወደ አዲስ አበባ ወርዶ ለእንዲህ ያለ ሥራ በረዳትነት ሊቀጠር ነው። እናታችን ብትጨነቅ «አይዞሽ እማዬ፣ የእርሳስ ሽርጥ እለብሳለሁ» አላት። እኔ ግን ነገሩን ከፊዚክስ ትምህርቴ ጋር ሳመዛዝነው ልቤ አላረፈም።

የኢሪድየምን ጨረር በግማሽ ለመቀነስ 5 ሚሊሜትር ያህል እርሳስ፣ ወይም 13 ሚሊሜትር ያህል ብረት፣ ወይም 45 ሚሊሜትር ያህል ኮንክሪት ያስፈልጋል። በሐኪም ቤት የሚለበሰው ሽርጥ ግን የእርሳሱ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም። ይህ በራጅ ክፍል ለሚበተነው ደካማ ጨረር ይበቃል፤ ከኢሪድየም በቀጥታ ከሚመጣው ግን ከመቶው 93 ያህሉ ያልፈዋል። እንግዲህ በሽርጡ ተማምኖ ወደ ምንጩ የሚጠጋ ሰው፣ ሽርጥ ሳይኖረው ርቆ ከሚቆመው ይልቅ ይጎዳል።

ጨረሩን ወደ ሺኛ እጁ ለማውረድ አሥር ጊዜ መግመስ ነው፤ ይኸውም 5 ሳንቲሜትር እርሳስ ወይም 45 ሳንቲሜትር ኮንክሪት ማለት ነው። እርሳስ ቦታ አይፈጅም፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለ ሆነ ያለ ድጋፍ አይቆምም፣ አቧራውም መርዝ ነው። ስለዚህ ለቋሚ ክፍል ግድግዳ ኮንክሪት ይመረጣል፤ ምንጩ ለሚቀመጥባት ትንሽ ሣጥን ደግሞ ከእርሳስ የሚከብደው ቱንግስተን ወይም የተሟጠጠ ዩራንየም። የተመረጠው ምንም ይሁን ምን ክፍተት ሊኖረው አይገባም። በእኛ አገር የድንጋይ ቤት ጭቃው ሲረግፍ ነፋስ እንደሚያስገባ፣ በደንብ ያልተገጣጠመ ግርዶሽም ጨረር ያሳልፋል።

ግድግዳ በሌለበት ሜዳ ከሁሉ የሚረክሰው ጋሻ ርቀት ነው። በ1 ሜትር ላይ ያለው ጨረር በ10 ሜትር ላይ መቶኛው ብቻ ይደርሳል።

በ2009 ዓ.ም. ስለ ጨረርና ስለ ኑክሌር ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1025 እንዲህ ያለው ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ ያዝዛል። አዋጁ ግን ለማይጠይቅ ሠራተኛ አይናገርለትም። ስለዚህ ለወንድሜ ሦስት ጥያቄ ጽፌ ሰጠሁት፦ ምንጩ ምንድን ነው? የሚጋርደኝ ነገር ውፍረቱ ስንት ነው? የጨረር መለኪያውስ የት አለ? እርሱም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፣ የተማርነው ቁጥር ለፈተና ብቻ አይደለም፤ የወንድምን ጤና ይጠብቃልና ለቤተ ሰቦቻችን እናካፍለው።