የኤለን ደብዳቤዎች፣ የእማዬ ሳጥን

ዛሬ ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ ታናሽ እህቴ ደወለች። «እቴቴ፣ የእማዬን ሳጥን ከፈትኩት።» ከታች፣ ከነጠላዎቹ ሥር፣ በላስቲክ የታሰሩ ደብዳቤዎች አገኘች። አባዬ አሰብ ወደብ ሲሠራ እማዬ የጻፈችለት ናቸው። እሱ ጠቅልሎ ሲመጣ ይዟቸው መጥቶ መሆን አለበት፤ እኛ መኖራቸውንም አናውቅም ነበር። «ፎቶ አንስቼ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ልልቀቃቸው?» አለችኝ።

«እንዳታደርጊው!» ብዬ ጮህኩባት።

ማን ነው የጮኸው? እኔ! ስለ እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ኤለን ቴሪ ደብዳቤዎች ስንት ምሽት ከእናንተ ጋር ያመሸሁት፣ የደብዳቤዎቿ መታተም ያስቆጣውን ልጇን ጎርደን ክሬግን «ምን አገባው?» እያልኩ ስሟገት የከረምኩት እኔ። ዛሬ ከአፌ የወጣው የእሱ ቃል ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታላቅ ወንድማችንማ «አቃጥሏቸው» ብሎ ገላግሎታል።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ (ዓመቶቹ እንደተለመደው በፈረንጆቹ ናቸው)። በ1892 ኤለን ለአንዲት ወጣት ዘፋኝ አስባ «ዘ ወርልድ» ለሚባለው የለንደን ሳምንታዊ ጋዜጣ ትጽፋለች። ደብዳቤዋ የሙዚቃ ሃያሲው እጅ ይገባል፤ ሃያሲው በርናርድ ሾ ነው። እሷ 45 ዓመቷ ነው፤ ላይሲየም ቲያትር ውስጥ ከሄንሪ ኧርቪንግ ጋር እየተወነች አገር ያወቃት ፀሐይ የሞቃት። እሱ ተውኔቶቹን የሚያሳይለት ቲያትር ቤት ገና ያላገኘ፣ ምላሱ እሳት የሆነ አየርላንዳዊ። ከዚያ በኋላ የጻፉት ደብዳቤ ብዛቱ ጉድ ነው። አንድ ከተማ እየኖሩ፣ እሷ መድረክ ላይ ቆማ እሱ አዳራሽ ተቀምጦ እያያት፣ ዓመታት አለፉ፤ ወግ ባለው መንገድ ግን አልተገናኙም! እሷ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቃ አይታዋለች። እንደ ሰው ቆመው የተነጋገሩት በ1900 ነው። ቢገናኙ ያ ወረቀት ላይ ያለው ነገር እንዳይበርድባቸው ሰግተው ይመስለኛል። አልፈርድባቸውም።

እኔ ደጋግሜ የማነበው የ1896ቱን ነው። ኤለን በሼክስፒር «ሲምበሊን» ኢሞጅንን ለመተወን ትዘጋጃለች። ሾ የትኛው ንግግር ቢቆረጥ እንደሚሻል፣ የትኛው ቢነካ ነውር እንደሆነ እየተነተነ ይጽፍላታል። ኢሞጅን ራሱ ከተቆረጠ ሬሳ ጎን የምትነቃበትን ትዕይንት በፖስታ ሲማከሩበት፣ ሁለት አናጢዎች አንድ በር ይዘው የሚከራከሩ ነው የሚመስሉት። በዚያው ሰሞን ሾ «ሳተርዴይ ሪቪው» ላይ ኧርቪንግን ያብጠለጥላል። እሷ መሃል ላይ ናት። ለአንዱ ብላ ሌላውን አልጣለችም፤ ይህን ጽናቷን በጣም ነው የማከብርላት።

ኤለን በ1928 በ81 ዓመቷ ኬንት ውስጥ ስሞልሃይዝ በሚባለው ቤቷ አረፈች። በ1931 ደብዳቤዎቹ መጽሐፍ ሆነው ወጡ። ልጇ ኢዲት «ይውጣ» አለች፣ ወንድሟ ጎርደን ተቆጣ፤ በዚያው ዓመት ስለ እናቱ የራሱን መጽሐፍ ጽፎ አሳተመ። እኔ ሁሌም ከኢዲት ጋር ነበርኩ። ምክንያቴንም ነግሬያችኋለሁ፦ ኤለን በ1856፣ በ9 ዓመቷ መድረክ ከወጣች ጀምሮ የተናገረችው የሰው ቃል ነው። ወንዶች የጻፉትን። የራሷ ድምፅ የሚሰማው ደብዳቤዎቿ ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱን ሦስተኛ ቃል በመስመር እያሰመረች፣ ቃለ አጋኖ እየደረደረች፣ ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው እየዘለለች። ይህ ይቃጠል?

ታዲያ ዛሬ ለምን ጮህኩ?

9ኛ ክፍል ነበርኩ። ጓደኛዬ ቤተሰቦቿ ጅማ ተዛውረው ሄዳለች፤ ደብዳቤ ጽፌላት፣ ቴምብር መግዣ እስካገኝ ደብተሬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አንድ መምህር ደብተር ሲያርም አገኘው። እኔን አልጠራኝም። ክፍሉ ፊት ቆሞ፣ ጣቱ ላይ ጠመኔ እንዳለ፣ ድምፁን እንደ ሴት ልጅ አቅጥኖ ማንበብ ጀመረ። «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።» ናፍቆት የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ ደገማት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ጠርዙ ላይ ነጭ የጣት አሻራ ነበረበት። አልላክሁትም። ጓደኛዬ እንደረሳኋት አስባ ቀረች። ያ ሰው ያነበበው ያንኑ እኔ የጻፍኩትን ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨመረም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጠፍኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኤለን ካረጀች በኋላ ስለ ሼክስፒር ንግግር እያደረገች አገር ለአገር ትዞር ነበር፤ ካዘጋጀቻቸው ንግግሮች አንዱ በሼክስፒር ተውኔቶች ውስጥ ስላሉ ደብዳቤዎች ብቻ ነው። ስለ ደብዳቤ! ይህች ሴት ሌዲ ማክቤዝን የተጫወተች ናት፤ ያንን በጢንዚዛ ክንፍ የተጠለፈ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ሠዓሊው ሳርጀንት የሳላት። ሌዲ ማክቤዝ መጀመሪያ መድረክ ላይ ስትገባ ምን ይዛ ነው? የባሏን ደብዳቤ። ጮክ ብላ እያነበበች ትገባለች። ስለዚህ ኤለን ከ1888 መጨረሻ ጀምራ፣ በየምሽቱ ባል ለሚስቱ በምስጢር የጻፈውን በሞላ አዳራሽ ፊት ታነብ ነበር። ማንም አልሳቀም። እንደ ሚስት ነዋ ያነበበችው፤ ብቻዋን እንዳለች፣ ወረቀቱ የእሷ እንደሆነ።

ጎርደን የፈራው የእኔን መምህር ዓይነቱን ሰው ነው። አሁን ገባኝ፤ ይቅር ይበለኝ። ኢዲት ደግሞ የእናቷን ድምፅ ለምዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ያንን ድምፅ እየሰማች ነው ያነበበችው። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ልሸመግል አልፈልግም፤ አሁንም ከኢዲት ጋር ነኝ። ግን ቴሌግራሙ ላይ 43 ሰው አለ። የአጎት ልጆች፣ የአጎት ልጆች ሚስቶች፣ የማላውቀው አንድ ሰውዬም አለ። እማዬ በሕይወት ሳለች እንግዳ ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ለቅሶ የደረሳችሁ ታውቋታላችሁ።

ማታ መልሼ ደወልኩ። «ይቅርታ የኔ እናት፣ ለጮህኩት። ፎቶ አታንሺ። አንዷን ለእኔ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ፣ በእሷ ድምፅ።»

ላስቲኩ ሲበጠስ ሰማሁት። ደርቋል። ከዚያ እህቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። ሰላምታው ረጅም ነው፤ የጎረቤት ስም ሁሉ አለበት። ስለ ጤፍ ዋጋ ይላል። የጣሪያው ቆርቆሮ እንደሚያፈስ ይላል። ከዚያ «ትንሿ ሁለተኛ ጥርሷን አብቅላለች፤ ዛሬ ጡቴን ነክሳኝ አለቀስኩ፣ ሕመሙ ግን አልነበረም ያስለቀሰኝ» ይላል።

እህቴ ዝም አለች። ትንሿ እሷ ናት።