ሹመት ሌላ፣ ቅጥር ሌላ

በአንድ የክልል ቢሮ የሰው ሀብት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሰዎች ከእኔ የሚፈልጉት አልተለወጠም። ሰርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር ላይ ጠጋ ብለው «ለልጄ አንድ ቦታ» ይሉኛል። አልቀየማቸውም። አስተምረው ያስመረቁት ልጅ ቤት ሲውል ማየት አንጀት እንደሚያሳርር ወላጅ ያውቀዋል።

ብዙዎቻችን ግን ሹመትንና ቅጥርን እናምታታለን።

የክልሉን ምክር ቤት ሕዝብ ይመርጣል፤ ምክር ቤቱ ርዕሰ መስተዳድሩን ይሰይማል። ርዕሰ መስተዳድሩ ደግሞ የጤናውን፣ የትምህርቱን፣ የግብርናውን ቢሮ ኃላፊዎች በዕጩነት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ ሲያጸድቅላቸው ቃለ መሐላ ፈጽመው ሥራ ይጀምራሉ። ይህ ሹመት ነው። ፖለቲካ አለበት፤ መሪ ዕቅዱን የሚያስፈጽምለትን ሰው ቢመርጥ አያስገርምም።

ከኃላፊው በታች ያሉት የሒሳብ ባለሙያው፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ነርሷ ግን ተሿሚ አይደሉም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የመንግሥት ሠራተኞቻቸውን የሚመለከት ሕግ እንዲያወጡ ሥልጣን ሰጥቶ፣ ለሥራው የሚጠየቀው ትምህርት፣ ሥልጠናና ልምድ ከአገር አቀፉ መመዘኛ ጋር እንዲቀራረብ ያዛል። ስለዚህ ክፍት ቦታ በማስታወቂያ ይወጣል፤ አመልካቹ ይመዘገባል፣ ይፈተናል፣ ይወዳደራል። ያለፈውም በሙከራ ጊዜ ይታያል፤ በቀድሞው የፌዴራል ዐዋጅ ቁጥር 1064/2010 ይህ 6 ወር ነበር። ኃላፊው ሲነሳ ባለሙያው በቦታው ይቀጥላል።

ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ በተግባር አለ አልልም። ማስታወቂያው ሳይለጠፍ አሸናፊው የታወቀበት ቅጥር አይቻለሁ።

ባለፈው ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ቢሮ ኃላፊ ሆነ። ታናሽ እህቴ በማግስቱ ልጇን አስከትላ መጣች። «ጋሼ፣ አንድ ስልክ ብቻ! ልጁ እኮ ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት ተቀመጠ» አለችኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል።

«እሱ የተሾመው ቢሮውን እንዲመራ ነው። ያንቺን ልጅ ካስገባ፣ ስልክ የሚደውልለት አጎት የሌለውን የሌላ እናት ልጅ ያስወጣል» አልኳት።

አኮረፈች፤ ለፋሲካም ቤቴ አልመጣችም። ልጁ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ማስረጃዎቹን አስተካከልን፣ ለፈተና አብረን አጠናን። ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ አልሆነለትም፤ በሦስተኛው ተጠባባቂ ሆኖ አለፈ። እስካሁን እየጠበቀ ነው። እህቴ አሁንም በእኔ ትፈርዳለች።

እኔ የምፈራውን ግን ከቢሮ ያየሁት ነው። ሹም ሽር በተሰማ ቁጥር በሰው የገቡት ልጆች ፊታቸው ይገረጣል። ያስገባቸው ሰው ሲሻር መጠጊያ ያጣሉ፤ ሥራቸውን በደንብ ቢያውቁ እንኳ ሰው «የእገሌ ሰው» ማለቱን አይተውም። በውድድር የገባችው ግን ስድስት ኃላፊ ሲቀያየር ጠረጴዛዋ ላይ ናት።

አያቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይሉ ነበር። ተረቱን የልጅ ልጆቻችን ከሌላ ይስሙት እንጂ ከእኛ ባይሰሙት እመርጣለሁ። ልጅዎ ሥራ ፈላጊ ከሆነ ዘመድ ከመቁጠርዎ በፊት ማስታወቂያ ሰሌዳው ዘንድ አብረውት ይሂዱ፤ ተበድሎ ከሆነም ቅሬታውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ያግዙት።