ማን ጎደለ?

የእንስሳት ሕክምና ስማር ተላላፊ በሽታ ማለት ለእኔ ጥፋተኛ ፍለጋ ነበር። ናሙና ውሰድ፣ ጀርሙን አሳድግ፣ ስሙን ለይ፣ መድኃኒቱን ውጋ። አባ ሰንጋን የመሰለ በሽታ ሲመጣ ዛሬም በዚሁ መንገድ እተማመናለሁ። ጠላት ሳይገባበት፣ ወዳጅ ስለጠፋ ብቻ ከብት ይታመማል ወይ የሚለውን ጥያቄ ግን ዘግይቼ ነው የጠየቅኩት። ያስጠየቀኝም ሜታጂኖሚክስ ነው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ከላም ጨጓራ ጥቂት ፈርስ ይወሰዳል፤ በውስጡ ያለው የማይክሮብ ሁሉ ዲኤንኤ አንድ ላይ ይወጣል፤ ማሽን ያነበዋል፤ ኮምፒዩተር ቁርጥራጩን እየገጣጠመ የማን እንደሆነ ይለያል። ጀርም ማሳደግ የለም። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ አብዛኛው የጨጓራ ባክቴሪያ አየር አይወድም፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደጉም አስቸጋሪ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ43 የስኮትላንድ ከብቶች ብቻ 913 የማይክሮብ ጂኖሞችን ገጣጠመ፤ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ያልተነበቡ ነበሩ። ስንት ጊዜ የዳሰስኩት ሆድ ውስጥ ማን እንደሚኖር አለማወቄ ከነከነኝ።

አንዲት እናት የሚያልቧት ላም ሌሊት ገመዷን በጥሳ ፉርሽካና የስንዴ ዱቄት ስትበላ አደረች። ስደርስ ማመስኳት አቁማ፣ ጆሮዋን ጥላ ቆማለች። በቱቦ የቀዳሁት ፈሳሽ ግራጫ፣ ሽታውም የሚኮመጥጥ ነበር። በጤነኛ ላም ፈሳሽ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲተራመሱ የሚታዩት ፕሮቶዞዋዎች አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም።

«ዶክተር፣ ምን ገባባት?» አሉኝ።

«ምንም አልገባባትም፣ እማማ። የነበሩት ናቸው ያለቁት።»

ስታርች ሲበዛ ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ይፈላሉ፤ አሲዱ ሣሩንና ገለባውን የሚያብላሉትን ይፈጃል። የኮመጠጠውን ፈሳሽ ቀንሰን፣ ቤኪንግ ሶዳ ሰጥተን፣ ከጎረቤት ጤነኛ ላም የተቀዳ የጨጓራ ፈሳሽ አጠጣናት። ይህ ሕክምና ከዲኤንኤ ማንበቢያው እጅግ ይቀድማል። እኔ ግን አደርገው የነበረው ስለተማርኩት ብቻ ነው፤ ያመንኩበት የማይክሮቦቹን ዝርዝር ካየሁ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የሉኪኒያ ታሪክ ነው። እኛም ለመኖ የምንተክለው ይህ ዛፍ አውስትራሊያ ውስጥ ከብቶችን ሲመርዝ፣ የሃዋይ ፍየሎች በልተውት ደህና ነበሩ። ሬይመንድ ጆንስ የተባለ ተመራማሪ ልዩነቱ በጨጓራቸው ውስጥ እንደሆነ ጠረጠረ። የሃዋይ ፍየሎች ማይክሮቦች ለአውስትራሊያ ከብቶች ሲሰጡ መርዙን ማርከስ ቻሉ። ባክቴሪያው በ1992 እ.ኤ.አ. ሲነርጂስቲስ ጆንሲ ተብሎ በስሙ ተጠራ። በአንድ ባክቴሪያ መኖርና አለመኖር መኖው መኖ ወይ መርዝ ይሆናል!

ማሽኑን ግን በጭፍን አላምነውም። የሞተውንም ሕያውንም ዲኤንኤ እኩል ያነባል። ናሙና ያልገባበት ባዶ ቱቦ እንኳ ሲነበብ ባክቴሪያ ይወጣበታል፤ ምንጩ ራሱ ማውጫው ኬሚካል ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ ጋር ባዶ ቱቦ አብሮ እንዲነበብ እሟገታለሁ፣ ወጪው ቢያስከፋም።

ለሚያመሰኳ ከብት በአፍ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሲጠይቁኝም፣ መድኃኒቱ ወዳጆቹን ማይክሮቦችም ሊፈጅ ስለሚችል፣ ከመፍቀዴ በፊት ምን እንደበላ፣ ማመስኳት አለማመስኳቱን አጣርቼ እጠይቃለሁ። ከዚህ በኋላ የምመኘው የቦረናና የፎገራ ከብቶች ጨጓራ በሰፊው እንዲነበብ ነው። በጋውን ሙሉ በገለባና በደረቀ ሣር የሚያሻግሯቸው የትኞቹ ማይክሮቦች እንደሆኑ ካወቅን፣ የመኖ ምክራችን ከውጭ ላሞች መጽሐፍ መቀዳቱ ይቀራል።