ሹካና ሸክም

ቦሩ ሜዳ ሲባል ለታሪክ ወዳጅ ቀድሞ የሚታወሰው በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ያስጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ለደሴ ሰው ደግሞ ብርዱና ሆስፒታሉ ይታወሱታል። እኔ ግን ስሙ በተነሣ ቁጥር እጄ ሳላዝዘው ወደ ግራ ትከሻዬ አጥንት ይሄዳል።

ነገሩ የመጣው በብስክሌት ነው። ታላቅ ወንድሜ ከውጭ አገር ሲመለስ ለተራራ ብስክሌቴ የሚሆን የፊት ሹካ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ከመግዛቱ በፊት በስልክ ሁለት ነገር ጠይቆኝ ነበር፤ «ስንት ኪሎ ነህ? ስትጋልብስ ምን ትሸከማለህ?» ጥያቄው እንደ ንቀት ተሰማኝ። እኔ ስለ ተራራው ሳወራ እሱ ስለ ስልቻ ይጠይቀኛል! «ረጅሙን አምጣልኝ» አልኩት፤ አመጣልኝ።

ለማያውቀው አንባቢ፣ የእንዲህ ዓይነት ሹካ እግሮች በውስጣቸው ሞላ ወይም የታመቀ አየር አላቸው፤ የሞላውን መልስ የሚገታ ዘይትም አለ። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሹካው ይሰምጣል፤ ድንጋዩ ሲያልፍ ይመለሳል። የሚሰምጥበት ልክ ለዳገትና ለሜዳ ጋላቢ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሜትር፣ ወጣ ገባ ለሚወድ ከ130 እስከ 150፣ ለኃይለኛ ቁልቁለት 160 እና 170፣ ቁልቁለት ብቻ ለሚወርድ ደግሞ እስከ 200 ይደርሳል። የእኔ ብስክሌት አካል የተሠራው ለ140 ነበር። እኔ ግን 170 ገጠምኩበት። ርዝመት ድፍረት መስሎኝ ነበር። የብስክሌቱ ግንባር ከፍ አለ፤ ከደሴ ወደ ቦሩ ሜዳ ስወጣ የፊት ጎማው መሬቱን በቅጡ አልይዝ ብሎ ይቅበዘበዝ ጀመር። ሹካው ሲረዝም መሪው ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና እንደሚበረታም ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

አንድ የበጋ ማለዳ ከሜዳው ጠርዝ በእግር መንገድ ወደ ደሴ ቁልቁል ወረድኩ። ጀርባዬ ላይ ዘጠኝ ኪሎ ያህል ቦርሳ ነበር፤ ሦስት ሊትር ውኃ፣ የጎማ መንፊያ፣ የብረት መፍቻዎች፣ ሰንሰለትና ቁልፍ፣ ዳቦ፣ በላዩም ጋቢ። የሹካውን አየር የሞላሁት ቤት ውስጥ፣ ያለ ቦርሳ፣ በራሴ ክብደት ብቻ ለክቼ ነው። አንድ የድንጋይ ደረጃ ላይ ፍሬን ስይዝ ሹካው ጥልቅ ብሎ ሰመጠ፤ ልል የነበረው ቦርሳ ከወገቤ ተነሥቶ ማጅራቴን መታኝና በመሪው ላይ አሳልፎ ጣለኝ።

ያነሡኝ አህያ የሚነዱ አዛውንት ነበሩ። ክንዴን በነጠላዬ አስረው ካስቀመጡኝ በኋላ ቦርሳዬን አንሥተው መዘኑት።

«ልጄ፣ ብረቱን አትርገመው» አሉኝ። «የጣለህ ጭነቱ ነው። ወዴላ የሌለው ጭነት ቁልቁለት ላይ ወደ አንገት ይመጣል።»

ወዴላ በጭነት ከብት ጅራት ሥር የሚያልፈው ጠፍር ነው፤ ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል። የእሳቸው አህዮች ጭነት ግራና ቀኙ እኩል ነበር፤ መጫኛው ጠብቋል። አዛውንቱም ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዷን አህያ ቆም አድርገው በእጃቸው ሲፈትሹ አየሁ። እኔ ይህን ያደረግኩበት ቀን አልነበረም።

ስድስት ሳምንት ክንዴ ታስሮ ተቀመጥኩ። እናቴ ለብስክሌቱ ገዢ ታፈላልግ ጀመር። አንድ ቀን ያን ቦርሳ ከጥግ ልታነሣ ሞክራ ቀና ብላ አየችኝ፤ «ይኼን ሁሉ ተሸክመህ ነው እንዴ የወረድከው?» አለች። ሦስተኛዋ ጠያቂ መሆኗ ነው። ወንድሜ በስልክ፣ አዛውንቱ በቁልቁለቱ ላይ፣ እናቴ በቤቷ ውስጥ፣ ሁሉም አንድ ነገር ነበር ያዩት።

በፈረንጆቹ 1989 የመጀመሪያው የሮክሾክስ ሹካ ለገበያ ቀረበ። በዚያው ግድም ቴክሳስ ውስጥ አንድ የብስክሌት ተወዳዳሪ የግሉኮስ ከረጢት ውኃ ሞልቶ፣ በካልሲ ውስጥ ከትቶ ጀርባው ላይ አሰረ፤ ካሜልባክ የሚባለው የውኃ ቦርሳ መነሻ ይኸው ነው። ሹካውና ቦርሳው የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ማለት ነው። እኔ ግን ለየብቻ መረጥኳቸው፤ ስሕተቴም ከዚህ ይጀምራል።

ስድን ረጅሙን ሹካ በ140 ለወጥኩ። አየሩን የምለካው ልብሴን ለብሼ፣ ውኃዬን ሞልቼ፣ ዕቃዬን ሁሉ ይዤ ነው። በፔዳሉ ላይ እንደ ጋላቢ ቆሜ፣ በሹካው እግር ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት ወደ ታች አውርጄ፣ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። ቀለበቷ 35 ሚሊ ሜትር ከሸሸች፣ ማለትም የ140ው ሩብ ከሆነ፣ መልካም ነው፤ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያስኬዳል። የመልሱንም ፍጥነት እፈትሻለሁ። እጅግ ከፈጠነ እንደ ክፉ በቅሎ ያስፈነጥራል፤ እጅግ ከዘገየ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲደራረብ ሹካው ሳይመለስ እየሰመጠ ይቀራል።

የአገራችን ከፍታም የራሱ ጠባይ አለው። ቦሩ ሜዳ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ቆላ ላይ የተገጣጠመ ሹካ በታችኛው እግሩ ውስጥ የቆላውን አየር ይዞ ይመጣና ደጋ ላይ ይነፋል፤ ሹካው ይደርቃል። ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በጎማ ክዳኑ ሥር በጥንቃቄ ሸጎጥ ሲደረግ «ጢስ» ብሎ ይተነፍሳል። አንዳንዱ ሹካ ለዚሁ የተሠራ ቁልፍ አለው።

ሸክሙን ደግሞ አወረድኩት። ውኃው በብስክሌቱ አካል ላይ፣ መንፊያውና መለዋወጫ የውስጥ ጎማው ከሥሩ ታስረዋል። ወገቤ ላይ የምትቀረው አነስተኛ ቦርሳ መፍቻ፣ የሰንሰለት ማያያዣ፣ ፋሻና ስስ የዝናብ ልብስ ብቻ ትይዛለች። በአከርካሪዬ ላይ የሚያርፍ ብረት የለም። ሰንሰለቱና ቁልፉ ቤት ይቀራሉ።

ያን የድንጋይ ደረጃ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ወርጄዋለሁ። ጠርዙ ላይ ስደርስ ግን እንደ አዛውንቱ ቆም ብዬ ማሰሪያዎቼን አንድ በአንድ በእጄ እነካለሁ። እናቴም ገዢ መፈለጉን ትታለች፤ ስወጣ በር ድረስ ትሸኘኝና የቦርሳዬን መታጠቂያ ሳብ አድርጋ ታያለች። ካልጠበቀ አታሳልፈኝም።