ከፓይሉ ጎን ያለው ክፍተት

ከካራማራ በስተምሥራቅ የተንጣለለውን የጅግጅጋ ሜዳ በሰፊው የሚሸፍነው ጥቁር ዋልካ በዝናብ ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። በፓይል መሠረት የሕንፃን ክብደት ይህን አፈር አሳልፎ ወደ ጠንካራው መሬት ማውረድ ይቻላል። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ሕንፃውን ወደ ጎን ያወዛውዛል፤ ወደ ጎን የሚገፋን ፓይል በዋናነት የሚደግፈው ደግሞ የታችኛው ጠንካራ መሬት ሳይሆን በላይኞቹ ጥቂት ሜትሮች ያለው አፈር ነው።

የማስተርስ ጥናቴን ስጀምር አፈሩን በተከታታይ ስፕሪንጎች መስዬ፣ ማትሎክ እ.ኤ.አ. በ1970 ለሸክላ አፈር ያቀረበውን ቀመር ተጠቀምሁ። ቀመሩ ተደጋጋሚ ግፊት አፈሩን እንደሚያዳክም ይቈጥራል፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ለባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫዎች፣ ውኃ ለጠገበ ለስላሳ ሸክላ ነበር። የዚህን ልዩነት ክብደት የተረዳሁት ጥር ላይ ነው። በአንድ የግንባታ ቦታ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ፓይልና በአፈሩ መካከል የብረት ሜትሬን ብሰድ አንድ ሜትር ያህል ያለ እንቅፋት ወረደ። በእኔ ስሌት ውስጥ ግን በዚያው አንድ ሜትር ላይ ስፕሪንጎቹ ፓይሉን አጥብቀው ይዘውት ነበር።

አታላዩ ነገር የደረቀ ዋልካ በቤተ ሙከራ ሲፈተን ከእርጥቡ እጅግ ጠንክሮ መገኘቱ ነው። ፓይሉን ካልነካ ግን ጥንካሬው አይደግፍም። የላይኞቹን ስፕሪንጎች ሳነሣ የፓይሉ አናት ይበልጥ ተንቀሳቀሰ፤ ፓይሉን የሚያጐብጠው ኃይልም አደገ። በተጨማሪም የንዝረቱ ጉልበት ወደ አፈሩ የሚሰራጨው በንክኪ ስለሆነ፣ ክፍተቱ ባለበት ንዝረቱ ቶሎ አይረግብም።

ጅግጅጋ ለስምጥ ሸለቆው ከሚቀርቡት ከሽንሌና ከአይሻ ይልቅ ሥጋቷ አነስ ይላል፤ ከሥጋት ውጭ ግን አይደለችም። መንቀጥቀጥም ዝናብ አይጠብቅም። የአፋሯ ሰርዶ የፈረሰችው በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ነበር፤ አዲስ አበባን ደጋግመው ያነቃነቁት የአዋሽ ፈንታሌና የዶፈን አካባቢ መንቀጥቀጦችም የበረቱት በ2017 ዓ.ም. በጋ ነው።

ስለዚህ በዋልካ ላይ የሚቀርብ የአፈር ምርመራ ዘገባ ናሙናው የተወሰደበትን ወር ቢገልጽ፣ ንድፉም ሁለት ጊዜ ቢፈተሽ እላለሁ፦ አንድ ጊዜ አፈሩ ርሶና ለስልሶ ፓይሉን እንደ ያዘ፣ ሌላ ጊዜ ደርቆ እንደ ለቀቀው። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ፈትሼ ነበር።